ለግድብና ለሐይቅ ውሃ የሚሸጠው የመመርመሪያ ሻንጣ፦ ሰሜን ሸዋ ላይ ምኑ ይሠራል፣ ምኑ አይሠራም

ከአዲስ አበባ የላቦራቶሪ ዕቃ አስመጪዎች ዘንድ በልዩ ልዩ ስም የሚሸጥ ባለ ጥቁር ፕላስቲክ ሻንጣ የውሃ መመርመሪያ አለ። ስሙና ዋጋው ቢለያይም ሆዱ ያው ነው፦ ስፖንጅ ውስጥ የተቀበሩ የፒኤች (የውሃው አሲዳማነት) እና የቲዲኤስ (በውሃው የሟሟ ነገር መጠን) መለኪያ እስክሪብቶዎች፣ ባለ ገመድ የኦክስጅን መለኪያ፣ የፎስፌትና የናይትሬት የጠብታ መመርመሪያ፣ ቴርሞሜትር፣ የፕላንክተን (በውሃ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት) ማጥመጃ አነስተኛ መረብ፣ ወደ ውሃው እየወረደ ጥራቱ የሚለካበት ጥቁርና ነጭ ዲስክ። የሚገዙት በባዮሎጂ ወይም በዓሣ ሀብት የተመረቁ ወጣቶች፣ የወረዳ ግብርናና ውሃ ጽሕፈት ቤቶች፣ ኩሬ ቆፍረው ቆሮሶ (ቲላፒያ ዓሣ) የሚያረቡ ሰዎች ናቸው። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ግማሹ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ ሩቡ ከተስተካከለ ይሠራል፣ የቀረውን ሻጩ ዘንድ ቢተዉት ይሻላል። ሻጩ አጋኖ የሚያሳየው ግን ይህንኑ የመጨረሻውን ሩብ ነው።

ሰሜን ሸዋ ጣናን ወይም ዝዋይን የሚያህል ሐይቅ የለውም። ያለው ለመስኖ የተገደበ ውሃ፣ የገበሬ ኩሬ፣ ረግረግና በየሸለቆው የሚወርድ ወንዝ ነው። የሐይቅ ሥነ ምህዳር ለሚያጠና ሰው ግን ይህ ጥሩ መማሪያ ነው፤ ትልቅ ሐይቅ ላይ ዓመታት የሚፈጀው ለውጥ ጥቂት ሜትር ጥልቀት ባለው ግድብ ላይ አፈርና ማዳበሪያ በገባበት ዓመት ይታያል። ውሃውም እዚሁ አይቀርም። ደብረ ብርሃንን አልፎ የሚሄደው በሬሳ ወደ ጀማ፣ ከጀማም ወደ ዓባይ ይገባል። ከአንኮበርና ከጣርማበር ገደል ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ደግሞ ወደ አዋሽ ያቀናል።

ሻንጣውን የመዘንበት ሚዛን አንድ ነው፦ ዛሬ የተለካውን ቁጥር ከአሥር ዓመት በኋላ ሌላ ሰው በዚያው መንገድ ለክቶ ሊያነጻጽረው ይችላል ወይ? ሐይቅ በመጠበቅ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሳይንቲስቶች ያሸነፉት በዚህ ነው። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ቶማስ ኤድመንድሰን ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 በሲያትል ከተማ ጎን ባለው የዋሽንግተን ሐይቅ ውስጥ ኦሲላቶሪያ ሩቤሰንስ የተባለ ሳያኖባክቴሪያ (እንደ አልጌ ውሃ የሚያቀልም ባክቴሪያ) ታየ፤ ቀደም ሲል የስዊዘርላንዱን የዙሪክ ሐይቅ ያጎሳቆለው ይኸው ነበር። ኤድመንድሰን ጥፋቱ ከዙሪያው ከተሞች ፍሳሽ ጋር የሚገባው ፎስፈረስ ነው አለ። ነዋሪው በ1958 ድምፅ ሰጠ፤ ፍሳሹም ከ1963 እስከ 1968 ድረስ በየደረጃው ከሐይቁ እንዲርቅ ተደረገ። በ1964 አካባቢ ነጭ ዲስክ አንድ ሜትር ገደማ ላይ ይጠፋበት የነበረው ውሃ እየጠራ ሄደ፤ ከ1976 ጀምሮ ደግሞ አልጌ የሚበላው ዳፍኒያ የተባለው ጥቃቅን የውሃ ፍጥረት ሲበዛ ይበልጥ ጠራ። ኤድመንድሰን በእጁ የነበረው ከፍሳሹ በፊትም በኋላም በአንድ መንገድ የተወሰደ ልኬት ነው፤ ዲስኩም ከሻንጣው ውስጥ ካለው ብዙም የተለየ አልነበረም።

ስለዚህ ከዲስኩ እንጀምር። ጣሊያናዊው ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ አንጀሎ ሴኪ እ.ኤ.አ. በ1865 ከጳጳሱ መርከብ ላይ ሆኖ ነጭ ዲስክ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር እያወረደ የውሃን ጥራት ሞከረ። ጥቁርና ነጭ አራት ሩብ ያለው፣ ስፋቱ 20 ሴ.ሜ የሆነው የዛሬው የሐይቅ ዲስክ የመጣው በኋላ ነው። በሻንጣው ያለው ስስ ፕላስቲክ ነው፤ ቀለሙ ያብለጨልጫል፣ ክብደት የለውም፣ ነፋስ ባለበት ቀን ወደ ጎን ይንሳፈፋል። ደብረ ብርሃን ያለ ማንኛውም ብረታ ብረት ቤት ከዚህ የተሻለ ይሠራል። 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ በ20 ሴ.ሜ ክብ ይቆረጥ፤ መሐሉ ይበሳና ባለ ቀለበት ብሎን በሁለት ሮንዴላና በሁለት ዳዶ ይታሰር፤ ከሥሩ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ኪሎ የሚሆን የብረት ቁራጭ ይንጠልጠል። ዝገት መከላከያ ከተቀባ በኋላ የማያብለጨልጭ ነጭ፣ ከዚያም ተቃራኒዎቹ ሁለት ሩቦች ጥቁር ይቀቡ። የሚያብለጨልጭ ቀለም የሰማዩን ብርሃን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ንባቡን ያበላሻል።

ገመዱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ናይሎን ውሃ ሲነካው ይለጠጣል፤ በማርከር የተደረገው ምልክትም ይጠፋል። ቀያሾች የሚጠቀሙበት የማይለጠጥ የፋይበር ሜትር በቀጥታ ብሎኑ ላይ ቢታሰር ሁለቱም ችግር ይቀራል። ዜሮው የዲስኩ ፊት ላይ መሆኑን ግን ያረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ ዜሮው ቀለበቱ ላይ ይቀርና እያንዳንዱ ንባብ በአምስትና ስድስት ሴንቲ ሜትር ይዛባል። ሁለት ሜትር ለሚያህል ጥራት ይህ ግድ ላይሰጥ ይችላል፤ 30 ሴ.ሜ ለሚታይበት ግድብ ግን አንድ አምስተኛ ነው።

ልኬቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በጀልባው ወይም በመቆሚያው ጥላ በኩል፣ ያለ ጥቁር መነጽር ይወሰዳል። ዲስኩ ሲጠፋ ቁጥሩን ይያዙ፤ ትንሽ አውርደው መልሰው ሲስቡ የታየበትንም ይያዙ፤ አማካዩ ይመዘገባል። ዲስኩ መሬት ነክቶም የሚታይ ከሆነ ያ ቁጥር ጥራት አይደለም፤ «እስከ ወለሉ ታየ» ተብሎ ጥልቀቱ ብቻ ይጻፋል። የሐይቅ ተመራማሪው ሮበርት ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው ሚዛን ንባቡን ወደ ነጥብ ይለውጠዋል፦ አንድ ሜትር 60፣ ሁለት ሜትር 50፣ ግማሽ ሜትር 70። ጥራቱ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር አሥር ነጥብ ይጨምራል፤ ነጥቡ ከፍ ባለ ቁጥር ውሃው በምግብ የደለበና በአልጌ የተሞላ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የካርልሰን ሚዛን ውሃውን ያደፈረሰው አልጌ ነው ብሎ ይነሣል። በሐምሌና በነሐሴ የእኛን ግድቦች የሚያደፈርሰው ከማሳ የታጠበ አፈር ነው። ያኔ 25 ሴ.ሜ አንብቦ 80 ነጥብ ሰጥቶ «ሐይቁ በአልጌ ሞቷል» ብሎ ሪፖርት መጻፍ ስሕተት ነው። መለያው ቀላል ነው፤ ግማሽ ሊትር ውሃ በነጭ ማጣሪያ ወረቀት ያሳልፉ። የቀረው ቡናማ ከሆነ አፈር ነው፣ አረንጓዴ ከሆነ አልጌ ነው፣ ሁለቱም ከታዩ ሁለቱም አሉ። ትክክለኛውን የአልጌ ንባብ የሚሰጡት ከጥቅምት በኋላ ያሉት ወራት ናቸው።

አሁን ወደ ሻንጣው ውድ ዕቃ፣ ወደ ኦክስጅን መለኪያው እንምጣ። ይህ ዕቃ በራሱ መጥፎ አይደለም። መጥፎ የሚያደርገው ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ መሆኗን አለማወቁ ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃው ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅንም አብሮ ይቀንሳል። ባሕር ጠለል ላይ 15 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 10.1 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሲይዝ፣ ደብረ ብርሃን ላይ የሚይዘው 7.1 ያህል ብቻ ነው። ውሃው 10 ዲግሪ ሲሆን 7.9፣ 20 ዲግሪ ሲሆን 6.4 ይሆናል። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ላይ ብትሆንም ሙቀቷ ብልጫዋን ይበላዋል፤ 25 ዲግሪ የሆነ ውሃዋ የሚይዘው 7.0 ነው። ደጋው በከፍታ የሚያጣውን ቆላው በሙቀት ያጣዋል ማለት ነው። መሐል ሜዳ ላይ ግፊቱ ከደብረ ብርሃንም ይወርዳል።

ፋብሪካው መለኪያውን ያስተካከለው ለባሕር ጠለል የአየር ግፊት፣ ለ760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። የደብረ ብርሃን ግፊት 537 አካባቢ ነው። ማንም ሳይነካው እርጥብ ስፖንጅ ባለው ክዳኑ ውስጥ «100 በመቶ» ተብሎ ከተስተካከለ፣ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ሚሊ ግራም ሁሉ በ40 በመቶ ያህል ይበዛል። 3.5 የሆነ ውሃ 5 ተብሎ ይነበባል፤ ዓሣው አየር እያጠረው ወረቀቱ «ደህና ነው» ይላል። ሁለተኛው ወጥመድ ስልክ ነው። የአየር ሁኔታ የሚያሳየው አፕ የሚሰጠው ግፊት ወደ ባሕር ጠለል የተቀየረ ስለሆነ ከአንድ ሺህ ሄክቶፓስካል በላይ ይላል፤ ደብረ ብርሃን ላይ በእውነት ያለው 715 ገደማ ነው። መለኪያው ግፊት የሚቀበል ከሆነ 537 ያስገቡ፤ ከፍታ ብቻ የሚቀበል ከሆነ 2,800 ይበቃል። ምንም የማይቀበል ርካሽ ዓይነት ከሆነ ንባቡን በ0.7 ያባዙና ይህንኑ መዝገቡ ላይ ይጻፉ። ከመግዛትዎ በፊት ሻጩን የሚጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ይሁን፤ የማያውቅ ሻጭ ብዙ ነው።

ጫፉ ላይ ሜምብሬን (ስስ ሽፋን) ያለው የኦክስጅን መለኪያ ራሱ ኦክስጅን ስለሚበላ ውሃው ጫፉ ላይ መንቀሳቀስ አለበት፤ በሰከንድ 30 ሴ.ሜ ያህል በቀስታ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ ቁጥሩ እየወረደ ይሄድና ታችኛው ውሃ ኦክስጅን ያጣ ይመስላል። ሜምብሬኑ ሥር የአየር አረፋ ከገባ ንባቡ ይዋልላል፤ ፈሳሹን ሞልቶ፣ መታ መታ አድርጎ፣ ክዳኑን ቀስ ብሎ መግጠም ነው። ሻንጣው ብዙ ጊዜ አንድ መለዋወጫ ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ሦስት ካላገኙ አይግዙት። በብርሃን የሚሠራው ዓይነት ማነቃነቅ አይፈልግም፣ አረፋም አያስቸግረውም፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል፣ ካፑም በዓመት ወይም በሁለት ዓመት መለወጥ አለበት።

ሰዓቱም እንደ መሣሪያው ይወስናል። አልጌ የበዛበት ውሃ ቀን ኦክስጅን ያመርታል፣ ሌሊት ደግሞ ራሱ ይተነፍሰዋል። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ 12 ሚሊ ግራም ያነበበ ኩሬ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ 2 ሊሆን ይችላል። የሥራ ሰዓት ጠብቆ ሄዶ ለክቶ የሚመለስ ባለሙያ ይህን ፈጽሞ አያየውም። ስለዚህ ፀሐይ ሳትወጣና ከሰዓት በኋላ ሁለቴ፣ በየግማሽ ሜትሩ ጥልቀት ይለካ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የውርጭ ወቅት ላይኛው ውሃ ቀዝቅዞና ከብዶ ይወርዳል፤ ወለሉ ላይ የነበረው ኦክስጅን አልባ ውሃ ወደ ላይ ይወጣል፣ ዓሣውም በጅምላ የሚሞተው ያኔ ነው። ሌላም ነገር አለ። የሐይቅ ተመራማሪው ክሊፎርድ ሞርቲመር እ.ኤ.አ. በ1941 እና በ1942 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው ወለሉ ኦክስጅን ሲያጣ ብረት ይዞት የነበረው ፎስፈረስ ከጭቃው ተለቅቆ ወደ ውሃው ይመለሳል። ማዳበሪያው ከቆመ በኋላም ግድቡ ለዓመታት አረንጓዴ ሆኖ የሚቆየው በዚህ ነው።

መለኪያውን ለመቆጣጠር ሻንጣው ውስጥ የሌለ፣ ግን ሊኖር የሚገባው ነገር አለ፦ ሃንጋሪያዊው ላዮሽ ዊንክለር እ.ኤ.አ. በ1888 ያወጣው የኬሚካል ዘዴ። ይህ ከፍታም ግፊትም አይጠይቅም፤ ውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በቀጥታ ይቆጥራል። የመስታወት ክዳን ያለው 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ በውሃ ውስጥ ተዘቅዝቆ አረፋ ሳይገባ ይሞላ። 1 ሚሊ ሊትር ማንጋኒዝ ሰልፌት፣ 1 ሚሊ ሊትር አልካላይን አዮዳይድ አዛይድ ከውሃው ወለል በታች በፒፔት ይጨመር፣ ተከድኖ ይገላበጥ። ቡናማ ዝቃጭ ከመጣ ኦክስጅን አለ፤ ነጭ ሆኖ ከቀረ ውሃው ባዶ ነው። ዝቃጩ ግማሽ ድረስ ሲወርድ እንደገና ይገላበጥ፤ ሲረጋ 1 ሚሊ ሊትር የተከማቸ ሰልፈሪክ አሲድ ይጨመርና እስኪሟሟ ይነቅነቅ። ከዚህ ወርቃማ ፈሳሽ 201 ሚሊ ሊትር ተለክቶ በ0.025 ኖርማል ሶዲየም ታዮሰልፌት ይጠብጠብ፤ ቢጫው ሲፈዝ ስታርች ይጨመር፤ ሰማያዊው ድንገት ሲጠፋ ይቁም። የፈሰሰው እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ታዮሰልፌት በሊትር 1 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ነው። ከአሲዱ በኋላ ጠርሙሱ ተከድኖ ጨለማ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ሊቆይ ስለሚችል ከግድቡ እስከ ላቦራቶሪ ማድረስ ይቻላል። የመኪና ባትሪ አሲድ ቀጭን ስለሆነ አይተካውም። ጓንትና መነጽር የግድ ነው፤ አዛይድ መርዝ ነው።

የፒኤች እስክሪብቶው ጥሩ ነው፣ ግን አያያዝ ይፈልጋል። ጫፉ በፖታሲየም ክሎራይድ ፈሳሽ እርጥብ ሆኖ መቀመጥ አለበት፤ በተጣራ ውሃ ውስጥ ካስቀመጡት ይሞታል፣ ደርቆ ከከረመም ይሰንፋል። በየሥራው ቀን ጠዋት በ7.01 እና በ10.01 ማስተካከያ ፈሳሽ ይስተካከል፤ ብዙዎች በ7 እና በ4 ያስተካክላሉ፣ የእኛ አረንጓዴ ግድቦች ግን ከሰዓት በኋላ ከ9 በላይ ስለሚወጡ መስመሩ ወደዚያ በኩል ቢሳብ ይሻላል። የተጠቀሙበትን ፈሳሽ ወደ ጠርሙሱ አይመልሱ። በብርድ ጠዋት ቁጥሩ እስኪቆም ሁለት ደቂቃ መጠበቅ የተለመደ ነው። ልዩነቱ ትንሽ መስሎ እንዳይናቅ፦ ካናዳ ውስጥ የሐይቅ ተመራማሪው ዴቪድ ሺንድለርና ባልደረቦቹ አንድ ትንሽ ሐይቅ በስምንት ዓመት ከ6.8 ወደ 5.0 ቀስ በቀስ አሲዳማ አድርገው ሲከታተሉት፣ ትልልቁ ዓሣ የሚመገባቸው ፍጥረታት 5.8 ላይ ገና መጥፋት ጀምረው ነበር። 0.3 የሚሳሳት እስክሪብቶ ይህንን አያሳይም።

የቲዲኤስ እስክሪብቶው ዋጋ የለውም። ውሃው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍበትን መጠን ለክቶ በ0.5 ወይም በ0.7 ያባዛል፤ የሟሟው ጨው ይሁን ማዳበሪያ፣ ሽንት ይሁን ኖራ አያውቅም። ሻጩ «ውሃው ንጹሕ ነው፣ 90 ብቻ ነው» ሲል በጀርም የተሞላ ውሃም 90 ሊሆን እንደሚችል አይናገርም። ኮንዳክቲቪቲን በቀጥታ በማይክሮ ሲመንስ የሚያሳይ፣ ወደ 25 ዲግሪ የሚያስተካክል ዓይነት ካገኙ እሱን ይያዙ። ቴርሞሜትሩ ይሠራል።

ሻንጣው በጣም የሚወድቀው ፎስፌት ላይ ነው፤ የሐይቅ ጥበቃ ዋና ጉዳይ ደግሞ ይኸው ነው። ሺንድለር ኦንታሪዮ ውስጥ፣ ለምርምር ከተከለሉት ሐይቆች አንዱን፣ ቁጥር 226ን፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በመጋረጃ ለሁለት ከፈለው። በአንዱ ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን፣ በሌላው ወገን እነዚህኑ ከፎስፈረስ ጋር ጨመረ። ፎስፈረስ የገባበት ወገን አረንጓዴ ሆነ፣ ሌላው እንደነበረ ቀረ። ከሰማይ የተነሣው ፎቶግራፍ ከብዙ ወረቀት በላይ ፖለቲከኞችን አሳመነ፤ በሳሙና ውስጥ ያለ ፎስፌት እንዲገደብ ከረዱት ማስረጃዎች አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1991 የመጀመሪያው የስቶክሆልም የውሃ ሽልማት የተሰጠው ለሺንድለር ነው። እንግዲህ በሻንጣው ያለው የቀለም ካርድ ከ0 ቀጥሎ 0.25፣ ከዚያ 0.5 እያለ እስከ 10 ይወጣል። ሐይቅ በምግብ መደለብ የሚጀምረው ጠቅላላ ፎስፈረሱ በሊትር 0.03 ሚሊ ግራም አካባቢ ሲደርስ ነው። በዚህ ካርድ የታመመ ግድብ ሁሉ «ዜሮ» ይወጣል። የተሠራው ለዓሣ ማሳያ ሣጥንና ለመዋኛ ገንዳ ነው።

የሚያስፈልገው ከ0.01 ጀምሮ የሚያነብ፣ በአስኮርቢክ አሲድና በሞሊብዴት ሰማያዊ ቀለም የሚሰጥ ዓይነት ከትንሽ ዲጂታል ቀለም አንባቢ ጋር ነው። ሲገዙ አሃዱን ይመልከቱ፤ አንዱ ፎስፌት ይላል፣ ሌላው ፎስፈረስ፤ የመጀመሪያውን ወደ ሁለተኛው ለመቀየር በ3.07 ይካፈላል። ናይትሬትም እንዲሁ ወደ ናይትሮጅን ሲቀየር በ4.43 ይካፈላል። ሁለት ሪፖርቶች ሦስት እጥፍ ሲለያዩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ጠርሙሱ በልብስ ሳሙና ታጥቦ ከሆነ ንባቡ የሳሙናው ሊሆን ይችላል፤ በ10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አለቅልቆ በተጣራ ውሃ ማጠብ ነው። ድፍርስ ውሃ ቀለሙን ስለሚያጨልም መድኃኒት ያልተጨመረበት ያው ውሃ እንደ ዜሮ መነሻ ይያዝ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ በጣም አረንጓዴ የሆነ ኩሬ የሟሟ ፎስፌቱ ከዜሮ ሊጠጋ ይችላል፤ አልጌው በልቶት በሆዱ ይዞታል። ያኔ ጠቅላላ ፎስፈረስ በፐርሰልፌት ተቀቅሎ በላቦራቶሪ መሠራት አለበት፣ ሻንጣው አይመልሰውም።

መረቡ ጥሩ ነው፤ ግን ቀዳዳው ስንት እንደሆነ ካልተጻፈበት አይረባም። ለአልጌ ከ20 እስከ 30 ማይክሮን፣ ለዳፍኒያና ለዘመዶቿ ከ55 እስከ 80። ሳያኖባክቴሪያ መኖሩን ለመጠርጠር በጠራ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሞልቶ ሳይነቃነቅ ጥላ ውስጥ ማሳደር ይበቃል፤ ጠዋት አረንጓዴው ወደ ላይ ተንሳፍፎ ቀለበት ከሠራ ይጠርጠር፣ ወደ ታች ከረጋ ሌላ አልጌ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። የተጠረጠረውን ውሃ ከብት እንዳይጠጣው ለገበሬው ወዲያውኑ መንገር ተገቢ ነው። ማፍላት አያድንም፤ ሴሉን አፈንድቶ መርዙን ይለቃል እንጂ መርዙን አያጠፋውም።

ለበሬሳና ለመሰል ወንዞች የሚሆን ነገር ሻንጣው ጨርሶ አልያዘም። 500 ማይክሮን ቀዳዳ ያለው የእግር መረብ በልብስ ሰፊ ይሰፋል፤ ከመረቡ በላይ ያለው ድንጋይ በእግር ለሦስት ደቂቃ ይታመሳል፣ የወጡት ነፍሳት በነጭ ሳህን ይለያሉ። ሦስት ጭራ ያላቸው ትንንሽ እጮችና ቤት ሠርተው የሚኖሩ ትሎች ካሉ ውሃው ደህና ነው፤ ቀያይ ትልና አልቅት ብቻ ከቀረ ኦክስጅኑ ተሟጧል። ለኢትዮጵያ ወንዞች የተዘጋጀው ኢትባዮስ የተባለው የነጥብ አሰጣጥ ለዚህ ከውጭ ከመጡት ይሻላል። ቀንድ አውጣ ባለበት የቆላ ውሃ ያለ ረጅም ቦት መግባት ብልሃርዚያን መጋበዝ ነው።

የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ በገበያ ስለሚወሰን ዋጋ አንጽፍም፤ በአንድ ወር ያረጃል። ሙሉውን ሻንጣ ከመግዛት ይልቅ ግፊት የሚቀበል የኦክስጅን መለኪያ፣ ባለ መለዋወጫ ጫፍ የፒኤች እስክሪብቶ፣ ዝቅተኛ ፎስፌት የሚያነብ መመርመሪያና የዊንክለር ጠርሙሶችን ለየብቻ መግዛት፣ ዲስኩንና መረቡን እዚሁ ማሠራት ይሻላል። የጠብታ መድኃኒቶች የማብቂያ ቀን ከስድስት ወር በታች ከቀረው አይቀበሉ። ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የመስታወት ጠርሙስ መኪና ውስጥ ካደረ በረዶ ሠርቶ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ባትሪውንም ብርድ ይጎዳዋል፣ ወደ ቤት ይግባ። ካድሚየም ያለው የናይትሬት መድኃኒት ዝቃጭ ለብቻ ጀሪካን ተሰብስቦ ለላቦራቶሪ ይሰጥ፤ ግድቡ ዳር ከፈሰሰ ጥበቃው ራሱ ብክለት ሆነ።

ሻንጣው ውስጥ የሌለው የመጨረሻ ዕቃ መዝገብ ነው። ዝናብ የማያጠፋው እርሳስ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር፤ በየገጹ ቦታው በጂፒኤስ፣ ጥልቀቱ፣ የሰማዩ ሁኔታ፣ የመሣሪያው መለያ ቁጥር፣ የተስተካከለበት ሰዓት፣ የለካው ሰው። ቀኑ በኢትዮጵያ ነው ወይስ በአውሮፓ አቆጣጠር ተብሎ ይጻፍ፤ ሰዓቱም እንዲሁ። «12:00» የሚለው ንባብ ንጋት ይሁን ቀትር ካልታወቀ፣ ከላይ ያየነው በንጋትና በቀን ንባብ መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ እዚያች ሁለት ነጥብ ላይ ይጠፋል። ሰበታ ያለው የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ወይም ዩኒቨርሲቲ መረጃውን ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚያየው ይህንኑ ነው፤ ይህ ከጎደለው ቁጥሩን አይጠቀምበትም።